ጭላሎን ከደጃፋችን ብቻ እያየን እስከ መቼ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን «ለአባላት የሚጠቅም አንድ ነገር ተናገር» ብለው ሲያዙኝ ስለ ጤና አጠባበቅ ወይም ስለ ቁጠባ እንደምናገር ገምተው ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት አርእስት አገር መጐብኘት ነው። ከኋላ ወንበር በኩል የሚስቅ ሰው ይሰማኛል፤ መሳቁም አይፈረድበትም። «እድርና ሽርሽርን ምን አገናኛቸው? እኛ የተሰባሰብነው ለመቀባበር አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚሁ ጥያቄ ልነሣ።

እስቲ ሁላችንም ወደ ኋላ እናስብ። ይህ እድር ከተቋቋመ ጀምሮ አብረን በአውቶቡስ የተጓዝነው ወዴት ወዴት ነው? ጡሩንባ ይነፋል። የአንዱ አባላችን ወንድም በቆጂ ዐርፏል ይባላል። አውቶቡስ እንከራያለን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንሳፈራለን፣ ቀብረን ንፍሮ ቀምሰን በዚያው ዕለት እንመለሳለን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁሩታ ነው፤ ሌላ ጊዜ ዶዶላ፤ ሌላ ጊዜ ጢቾ። እንግዲህ አገራችንን የምናውቀው በለቅሶ መንገድ ነው ማለት ነው። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ደግሞ በመስኮት አሻግሮ ተራራ አያይም፤ ማየቱም ነውር ይመስለዋል። ስለዚህም ከአሰላ ዶዶላ ሃያ ጊዜ የተመላለሰ ሰው፣ በግራው የቆሙት ጭላሎና ገለማ መሆናቸውን፣ ከበቆጂ ሲያልፍ በቀኙ የሚታየው ካካ መሆኑን ልጁ ቢጠይቀው ለመመለስ ይቸግረዋል።

ከለቅሶ ሌላ የሚያንቀሳቅሰን እምነታችን ነው። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ስለቱን ይዞ የሚሄደው፣ በዐረፋ ሰሞን ጫፉ ባላ የሆነውን በትሩን ጨብጦ በእግሩ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚያዘግመው ገሪባ፣ ቱሪስት የሚለው ቃል ወደ ቋንቋችን ከመግባቱ በፊት አገር ሲያቋርጥ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ መጓዝ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ያለ መርዶና ያለ ስለት፣ ለማየት ብቻ መጓዝ ነው።

በአገራችን የቱሪዝም ሥራ በመንግሥት ደረጃ የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን የሥራው አባት ተብለው የሚታወቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። «የ13 ወር ጸጋ» የሚባለው መፈክር የሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው እስኪተካ ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። በእንግሊዝኛው ታዲያ «ጸጋ» የተባለው «የፀሐይ ብርሃን» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ይህን አንብቦ በነሐሴ ወር አሰላ የወረደ ፈረንጅ በዚያ ጭጋግና በዚያ በረዶ መካከል ምን ብሎ ይሆን እያልሁ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። ለእኛ የሚስማማን አማርኛው ነው፤ ጭጋጉ ባይኖር ገብሱም ስንዴውም አይኖርማ።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ለጐብኚ የተጠረገው መንገድ ወደ ሰሜን ነበር፤ ጐንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም። በኛ በኩል የታወቀው ሶደሬ ነው፤ እሱም ለፍል ውሃውና ለመዋኛው። የአርሲ ደጋ መተላለፊያ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ቢሆን የጐብኚ መኪና ከአዳማ ወጥቶ ወደ ባሌ ሲያልፍ አሰላ ላይ ቤንዚን ይቀዳል፣ ተሳፋሪዎቹ ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ከዚያ ይነዳሉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደስ ብሎናል፤ ጐረቤታችን ነውና። ግን ከእንግዲህ የሚያልፈው መኪና ሲበዛ እኛ አቧራውን ብቻ ነው የምንቀበለው ወይስ ሌላ ነገር አለን?

አለን። ከጭላሎ ልጀምር።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጭላሎ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሌላው ዓለም በአውሮፕላንና በብዙ ገንዘብ የሚፈልገው ከፍታ ከኛ ደጃፍ አንድ ቀን በእግር ነው። ተራራው የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ዛሬ የሞተ ነውና አያስፈራም። ማለዳ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያልፈው በስንዴና በገብስ ማሳ፣ በባሕር ዛፍ መካከል ነው። ከዚያ የተረፈ ጽድ እዚህም እዚያም ይታያል። ቀጥሎ ኮሶ ይመጣል፤ እናቶቻችን በግድ ያጠጡን ያ መራራ መድኃኒት ከዚህ ዛፍ አበባ የሚገኝ ነው፤ ዛፉ ግን ሲያዩት እጅግ የሚያምር፣ ቀላ ያለ አበባው እንደ ዘለላ የሚንጠለጠል ነው። ከኮሶው በላይ አስታ አለ። ከአስታው በላይ ደግሞ ጅብራ።

ስለ ጅብራ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሳያዩት የሚያምኑት ነገር አይደለም። በብርዱ አገር፣ ሌሊት ውሃ በሚረጋበት ሥፍራ፣ ቅጠሉን እንደ ጽጌረዳ ዘርግቶ ለዓመታት ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን እንደ ምሰሶ ያለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ግንድ ያወጣል። አብቦ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያብበው። በጉም ውስጥ ከሩቅ ሲታዩ ሰዎች ቆመው የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ በመጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል።

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር፣ ከተራራው ወገብ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ላየ ሰው ስምጥ ሸለቆው በሙሉ ተዘርግቶ ይታያል፤ የዝዋይ ሐይቅ እንደ ተወለወለ ትሪ ያበራል። ከታች ደግሞ የኛው ማሳ ነው፤ ቢጫው የደረሰ ገብስ፣ አረንጓዴው የዘገየ ስንዴ፣ ጥቁሩ ገና የታረሰ። ጭላሎ የእርሻ ልማት የሚባለው በስዊድን መንግሥት እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው ድርጅት ስሙን የወሰደው ከዚህ ተራራ ነበር። በዚያ ጊዜ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲታደል የደረሱ አባቶች ከመካከላችን አሉ፤ ልጆቻችሁን ወደ ላይ አውጥታችሁ ማሳውን እያሳያችሁ ይህን ታሪክ ብትነግሯቸው ከየትኛውም መምህር የበለጠ ታስተምራላችሁ።

አሁን ስለ አንድ እንስሳ ልናገር። ከእናንተ መካከል የድሮውን አሥር ሳንቲም የማያስታውስ የለም። በአንድ ወገን የአንበሳ ራስ አለ። በሌላው ወገን ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ አለ። ያ የደጋ አጋዘን ነው። በሱ ሻይ ጠጥተናል፣ ማስቲካ ገዝተናል፣ ከረሜላ ገዝተናል፤ ምንነቱን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን የሚገኘው በዚህ በደቡብ ምሥራቁ ደጋ ነው። የአውሮፓ ሳይንስ ሰዎች ያወቁት በጣም ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሜጀር ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ያገኘው እዚሁ በኛ ተራሮች፣ ከዝዋይ ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ሊደከር የሚባለው ሊቅ ስም ሰጠው። ሳይንሳዊ ስሙ እስከ ዛሬ የባክስተንን ስም ይዟል። የአርሲ ገበሬ ግን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ገብሱን ሲያስበላው እንደኖረ ማን ይጽፋል? ለማንኛውም፣ ሰዎች ይህን እንስሳ ለማየት ባሌ ዲንሾ ድረስ ይሄዳሉ፤ መጀመሪያ የተገኘበት አገር ግን የኛው ነው።

ቀይ ቀበሮም አለ። ይህ ከዓለም የውሻ ዘሮች መካከል ቁጥራቸው እጅግ ከተመናመነው አንዱ ነው፤ በአገሪቱ በሙሉ ያለው ከ500 አይበልጥም ይባላል። አብዛኛው በባሌ ሲሆን ጥቂቱ በአርሲ ተራሮች ላይ ቀርቷል። ፍልፈልና አይጥ እያደነ ነው የሚኖረው፤ በግ የሚፈጀው እሱ ነው እያሉ ስሙን የሚያጠፉ ሰዎች ቢያንስ ከቀበሮና ከጅብ ለይተው ይወቁት። ትልቁ ጠላቱ የኛው ውሻ ነው። ውሻ የእብደት በሽታ ያስተላልፍበታል፤ በባሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003ና በ2008 በዚህ በሽታ ብዙ አልቋል። ስለዚህ ወደ ተራራ ስንወጣ ውሻ አስከትሎ መሄድ ክልክል ነው ብዬ ካሁኑ ልናገር።

እነዚህን ለመጠበቅ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል። አራት ቦታ የተቆራረጠ ነው፤ ጭላሎ ገለማ፣ ካካ፣ ሁንቆሎና ከታች በቆላው ዴራ ዲልፈቃር። ዲልፈቃር ከአዳማ ስንመጣ ዴራ አጠገብ የምናልፈው ግራሩ የበዛበት ኮረብታ ነው። የቆላው አጋዘን እዚያ አለ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ ጠዋት የቆላውን አጋዘን ከሰዓት በኋላ የደጋውን አጋዘን ለማየት የሚሞከርበት አገር የት ይገኛል? አጋጣሚውንና ዕድሉን ግን ማንም ዋስ አይሆንም፤ እንስሳ በቀጠሮ አይመጣም።

ይህን ሁሉ የማወራው ለማስጐምጀት ብቻ አይደለም። ፓርክ ተባለ እንጂ እርሻው በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል። ድሮ ገብስ ይቆምበት ከነበረው ወሰን በላይ ዛሬ ድንችና ገብስ ይታያል። አስታው ይቆረጣል፣ ይቃጠላል፤ ከብቱ ከሥር ከሥሩ ይግጠዋል። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። ልጁ አድጎ መሬት ሲያጣ ወዴት ይሂድ? ከደኑ የሚወርደው ማገዶና ከሰል የሚሸጠውስ ለማን ነው? ለኛ ለከተሜዎቹ አይደለም ወይ?

ደግሞ ነገሩ የእንስሳ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የካታር ወንዝ የሚነሣው ከነዚሁ ከጭላሎ፣ ከገለማና ከካካ ነው፤ ሄዶ ሄዶ ዝዋይ ይገባል። ከዝዋይ የተረፈው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል። አብጃታ በኛ ዕድሜ ምን ያህል እንደ ሸሸ ያየ ያውቀዋል፤ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካው ውሃ መቀዳቱ ዋናው ምክንያት እንደሆነ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ከላይ የሚመጣውም ካነሰ ግን ታችኛው ሐይቅ ከየት ያመጣል? ጭላሎ ራሱ የውሃ ጋን ነው። ጋኑን ሳያዩ ስለ ቧንቧው ብቻ መጨቃጨቅ አይሆንም።

ወደ ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው፣ ከአሰላ በኦጎልቾ በኩል ይወረዳል። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን በላዩ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው ወደዚህ አመጡ፣ ሰባ ዓመትም ቆየች ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ደሴቶቹ ላይ የኖሩት የዘይ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው ከሐረሪና ከስልጤ ጋር የሚዛመድ ነው። ጉልበት ለደከመን ለኛ ለሽማግሌዎቹ ከጭላሎ ይልቅ ይህ ይሻላል፤ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ወፍና ጉማሬ ማየት ጉልበት አይጠይቅም። ለቤተሰብ ደግሞ ላንጋኖ አለ፤ ውሃው ቡናማ መሆኑ አያስደነግጣችሁ፣ መልኩ ነው እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ከላንጋኖ በላይ ያለውን የሙኔሳን ደን፣ ዝግባውንና ጉሬዛውን ያላየ ሰው ግን ላንጋኖን ግማሹን ነው ያየው።

አሁን ወደ በቆጂ እንለፍ። ከአሰላ 56 ኪሎ ሜትር ናት፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ የማራቶንን ወርቅ ከአፍሪካ ሴቶች ቀድማ ወሰደች። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤይጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘችው የወርቅ ሜዳሊያ አራት ነው፤ አራቱንም ያመጡት ጥሩነሽ ዲባባና ቀነኒሳ በቀለ ናቸው። አራቱም ሯጮች የዚያች የአንዲት ከተማና የዙሪያዋ ልጆች ናቸው። የኛው የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴስ? አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ሲመላለስ ደብተሩን የያዘበት ክንዱ በዓለም ስታዲየም ላይ እንደ ታጠፈ መቅረቱን ፈረንጆቹ ሳይቀሩ ይተርኩታል። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብለው የውጭ ሰዎች፣ ሯጮችና ጋዜጠኞች በቆጂ ድረስ ይመጣሉ። የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን ሲያሠለጥኑ የሚያሳየው «የሯጮች ከተማ» የሚባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2012 በውጭ አገር ታይቷል። እኛ ግን እዚህ በ56 ኪሎ ሜትር ርቀት እየኖርን ጠዋት በ12 ሰዓት ልምምዱን ሄደን ያየን ስንት ነን? ትኬት የለውም፣ ወንበር የለውም። ብርዱን ችሎ ሜዳው ዳር መቆም ብቻ ነው። ትንንሾቹ ልጆች ከትልልቆቹ ኋላ ተሰልፈው በባሕር ዛፉ መካከል ሲሮጡ፣ ትንፋሻቸው እንደ ጢስ ሲወጣ ማየት ለኔ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጥብኛል።

ደስ የሚለውን ብቻ ማየት ደግሞ ጉብኝት አይባልም። በሔጦሳ ወረዳ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአኖሌ መታሰቢያ ሐውልትና ሙዚየም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አርሲ ላይ በተካሄደው ዘመቻ የደረሰውን ግፍ የሚያስታውስ ነው። ስለሱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሐሳብ የለውም፤ በዚህ አዳራሽም የለውም። የኔ አስተያየት ግን ለቅሶ የምንደርስ ሰዎች ስለሆንን እዚያም እንደ ለቅሶ ደራሽ ዝቅ ብሎ መግባት አይከብደንም የሚል ነው። እንዲሁም ሲንቄ የያዘች የአርሲ እናት ስትታይ ካሜራ መደቀን ሳይሆን መጠየቅ ይገባል። ሲንቄ ጌጥ አይደለም። የተጣሉ ሰዎች መካከል ሴቶች ሲንቄ ይዘው ሲገቡ ጠቡ ይቆማል፤ ይህ በአርሲ ዘንድ ሕግ ነው።

አሁን «ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን ይገኛል?» ለሚለው ሩቅ ሳንሄድ ዶዶላን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እርዳታ በአዳባና ዶዶላ ደን የጉብኝት ሥራ ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጐብኚው መንገድ መሪ ይቀጥራል፣ ፈረስ ይከራያል፣ ሌሊት በደኑ ውስጥ በተሠሩት አነስተኛ ማረፊያዎች ያድራል፤ ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾ እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ለቀናት ይጓዛል። መሪው የአካባቢው ልጅ ነው፣ ባለ ፈረሱ የአካባቢው ገበሬ ነው፣ ማረፊያውን የሚጠብቀውም እንደዚሁ። ከዚህ ጋር የደኑ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው ደኑን የመጠቀምም የመጠበቅም ውል ገቡ። ፈረስ የሚያከራይ ሰው ደኑ ሲቆረጥ ገበያው እንደሚቆረጥ ያውቃል፤ ዘበኛ አያስፈልገውም። ሁሉ ነገር የተቃና ነበር አልልም፤ ጐብኚ የሚመጣው ጸጥታ ሲኖር ነው፣ ጸጥታ በታወከበት ዓመት ፈረሱም ሰውየውም ሥራ ይፈታሉ። ቢሆንም ያ ሥራ የተሠራው በኛው ዓይነት ሰዎች፣ በኛው ዓይነት ደንብና ማኅበር ነው። ደንብ ማክበር፣ ገንዘብ በሚገባ መያዝ እድርተኛ ካልቻለ ማን ሊችል ነው?

ከመጠን ያለፈ እንግዳም የራሱ ጣጣ አለው። በሩቅ ምሥራቅ ያለችውን ታይላንድን እንውሰድ። የቆዳ ስፋቷ የኛን አገር ግማሽ አይሞላም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ ጐብኚ ገብቶላታል። በዚያው ዓመት የኛ አንድ ሚሊዮን አልሞላም። ይሁን እንጂ እዚያ ማያ የምትባል ትንሽ የባሕር ወሽመጥ በፊልም ታውቃ በቀን እስከ 5,000 ሰው ይወርድባት ጀመር። የጀልባው መልህቅና የሰዉ ብዛት በውሃው ውስጥ ያለውን ኮራል የሚባለውን ፍጥረት ፈጀው። በመጨረሻ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ዘጋት፤ እንደገና የተከፈተችው በ2022 መጀመሪያ፣ በቁጥርና በደንብ ነው። ገንዘብ የለመደ አገር ገንዘቡን ትቶ ሲዘጋ ማየት ትልቅ ነገር ነው። በኛ ጭላሎ ላይ ገና ጐብኚ አልበዛም፤ የበዛው አራሽና ቆራጭ ነው። የሚያየው ሰው ስለሌለ ሲጐድልም የሚያውቅለት የለም።

እንግዲህ ወደ ሐሳቤ ልግባ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የእድሩ ገንዘብ አይነካም። ያ የሙት ገንዘብ ነው፤ የድሀ አደጉና የባልቴቷ ነው፤ ለሽርሽር ይውጣ የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምቃወመው እኔ ነኝ። ጉዞው በፈቃደኞች ለብቻው በሚዋጣ ገንዘብ ይሁን፣ ሒሳቡም በሌላ ደብተር ይያዝ። «እድር ለደስታ አልተሠራም» ለሚለኝ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ድንኳናችን ለሰርግ ሲከራይ፣ ብረት ድስታችን ለክርስትና ሲወጣ ማን ተቃወመ? የለቅሶው ወንበር ሰርግ ላይ ከተቀመጠ፣ የለቅሶው አውቶቡስ አንድ ቀን በቆጂ ቢወጣ ምን ይላል?

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ በጥቅምት ወር መጨረሻ ባለው ቅዳሜ ይሁን፤ ዝናቡ ያበቃል፣ ልጆቹም ትምህርት የላቸውም። ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥተን 12 ሰዓት ላይ በቆጂ እንድረስ፤ ልምምዱን እንይ፤ ሻይና ዳቦውን ከዚያው ከከተማው ሰው እንግዛ፤ ከቤታችን ሁሉን ቋጥረን ሄደን ቆሻሻ ብቻ ትተን መመለስ ጉብኝት አይደለም። ከዚያ በአካባቢው መንገድ መሪ እየተመራን ወደ ካካ ሥር እንጠጋ። የሚችል ይውጣ፣ የማይችል ከታች ይቀመጥ፤ ከፍታው ራስ ምታት ያመጣልና የልብና የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ሳይመክር እንዳይሞክር። ይህ ከተሳካ በዓመቱ ወጣቶቹ ጭላሎን፣ ሽማግሌዎቹ ቱሉ ጉዶን እንሂድ።

ስንቅ ጭኮ ይሁን። የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ታሽቶ ሲያዝ አይበላሽም፣ ጥቂቱ ያጠግባል፤ ይህን የአርሲ እናቶች ከሁላችን ይበልጥ ያውቃሉና አሠራሩን ለሌሎቻችን ቢያሳዩን ደስ ይለናል። ጋቢ ያልያዘ ሰው በኋላ የሰው ጋቢ እንዳይለምን። የላስቲክ ጠርሙስ ይዞ የወጣ ይዞ ይመለስ፤ ውሻ አይከተለን፤ ጅብራ ቆርጦ ፎቶ የሚነሣ ልጅ ቢኖር አባቱ ይጠየቅ። የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ኮሚቴው ከሳምንት በፊት ከወረዳው ይጠይቅ፤ አይመችም ከተባለ ቀኑ ይተላለፍ። በዚያ ሌሊት ጡሩንባ ከተነፋ ደግሞ ነገሩ ያለቀ ነው፤ ጉዞው ይቀራል፣ የተከራየነው አውቶቡስ ወደ ለቅሶው ይሄዳል፣ ጭኮውም ለሐዘንተኛው ቤት ይውላል።

ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ስብሰባው ሲያበቃ በሩ አጠገብ በተቀመጠው ደብተር ላይ ስሙንና የልጆቹን ቁጥር ያስመዝግብ። ሠላሳ ሰው ከሞላ አውቶቡሱን እንይዛለን።